የደረሰኙ ጀርባ

እኔ ላዋሊ ነኝ፣ የማራዲ ገበያ ቀራጭ፣
ደብተር በኪሴ፣ ማህተም ባንገቴ፣ ከሰው መሀል ተጋፋጭ፤
አንድ መደብ መቶ ፍራንክ፣ አንድ ፍየል ሁለት መቶ፣
አንዱ ከፍሎ ይሰድበኛል፣ አንዱ ይሸሻል ዞሮ ገብቶ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ በዚህ ሥራ ላይ፣
ድሮ እጨርስ ነበር ገና ሳይግል ፀሐይ፤
አሁን ገበያው ሞላ እንደ ጉልቢ ወንዝ፣
ካጥሩ ተርፎ ፈሰሰ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ፤
ፍየል በፍየል ላይ፣ ሰው በሰው ላይ፣ ሽንኩርት በሽንኩርት፣
ጀርባ ላይ የታዘለው፣ ሆድ ውስጥ ያለው፣ ቀሚስ ይዞ የሚጎተት።

ደብተሬ ግን ያው ነው፣ መቶ ቅጠል ብቻ፣
ሩቡ እንኳ ሳይቀደድ ያልቃል የሰኞ ዘመቻ።
ሦስት ሽንኩርት ይዛ አቧራው ላይ የተቀመጠች፣
"መደብሽ የቱ ነው?" ብላት፣ ጉልበቷን አሳየች።

አለቃዬ ሳኑሲ፣ ከማዘጋጃ ቤት፣
"ሕዝቡ እጥፍ ሆነ" ይለኛል፣ "ገቢህስ? ወዴት?"
በጣቱ ያሳየኛል ግድግዳው ላይ ያለ ሥዕል፣
አንዱ መስመር ሽቅብ ሲወጣ፣ አንዱ ተጋድሞ ሲውል።
"ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አለኝ፣
ሎሚው አንድ፣ ሰዉ ሃምሳ ሲሆን ምን እንደሚባል ግን አልነገረኝ።
ዝም ብዬ ወጣሁ እንጂ አፌ ላይ ነበረ ነገር፤
ራብ ቀረጥ ቢከፍል ኖሮ ማን ይደርስብን ነበር?

ዴሉ ሽንኩርት ሻጯ አንድ ቀን አፋጠጠችኝ፣
መቶ ፍራንኳን ጨብጣ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ፤
"ዓምና ከፈልኩ፣ ካቻምና ከፈልኩ፣ ያ ሁሉ ሣንቲም ምን ሠራ?
የልጄ ትምህርት ቤት ዳስ ነው፤ ጣራው ሣር፣ ወለሉ አቧራ።
ዘጠና ሦስት ናቸው ባንድ መምህር ፊት፣
ስሟን አያውቀውም፣ 'አንቺ' ነው የሚላት።"
"ልጅ በእድሉ ያድጋል" አልኳት፣ አፌ እንዳመጣ ስመልስ፣
ሳቀች። "ስድስት እድል አለኝ ቤቴ፤ አንዱ ጫማ የለው፣ አንዱ ልብስ።"
ግን ከፈለች። ደረሰኙን ከሽርጧ ጫፍ ቋጠረች፣
"አንድ ቀን የሚጠየቅ ካለ፣ ማስረጃ ይሆነኛል" እያለች።

እህቴ ቺማ አዋላጅ ናት፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ጣቢያ፤
አንድ አልጋ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ሚዛን፣ እሱም ከገበያ።
ባንድ ሌሊት አሥራ አንድ ተወለዱ፤ ሦስቱ ምንጣፍ ላይ፣
መዝገቧ አለቀባት። ጠየቀች። "በጀት ሲመጣ እንይ።"

ማታ ቤቴ መጣች። ያልተቀደደ ደብተሬን አየችው፣
ገለበጠችው። ባዶ ጀርባውን በጣቷ ዳበሰችው።
"ይህን ስጠኝ።"
"የመንግሥት ነው" አልኳት።
"እነሱስ የማን ናቸው?"

ከዚያ ወዲህ፣
ፊቱ፦ መቶ ፍራንክ ተቀብያለሁ፣ ማራዲ፣ ማህተም።
ጀርባው፦ ሴት፣ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ፣ አልቅሳለች፤ ስም ገና የለም።
ፊቱ፦ መቶ ፍራንክ።
ጀርባው፦ ወንድ፣ የዴሉ ሰባተኛ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ዝናብ ነበር። ደህና ናት እናት።

ሳኑሲ ሒሳብ ሊመረምር ሲመጣ ደብተር ጎደለ፣
"ስንት ቅጠል?" "ሁለት ሺህ አርባ" ስለው እስክሪብቶው ተንጠለጠለ።
ካርቶኑን ዘረገፍኩለት፤ ወረቀቱ ጠረጴዛውን ሸፈነ፣
አንዱን አንስቶ ፊቱን አነበበ፤ ሲገለብጠው ዝም ያለ ሆነ።
ቆይቶ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣
"ይህ ገቢ ነው" አለ፣ "ወይስ ወጪ?"
በየትኛው ዓምድ እንደጻፈው አላሳየኝም።

ከደመወዜ ተቆረጠ የደብተሩ ዋጋ፣
ሰኞ እንደገና ወጣሁ፣ በደንብ ሳይነጋ።
ዴሉ ሰባተኛውን አዝላ መቶ ፍራንኳን ዘረጋች፣
ደረሰኙን ስሰጣት ገልብጣ ጀርባውን አየች።
ባዶ ነበር።
አልቋጠረችውም።
"ጎረቤቴ ምጥ ላይ ናት" አለች፣ "ይህን ለቺማ አድርስላት"፤
ወረቀቱን መልሳ እጄ ላይ አኖረችው።